ሳይቀምሱ አይታለፍም

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ጥርስ ያለው ይሳቅ፤ የዛሬዋ ተረቴ ከድንበር ማዶ በእግሯ መጥታለች።

ሲትና የምትባል አንዲት የሱዳን ሴት ነበረች። አገሯ ጦርነት ገባና ልጇን ራውዳን አዝላ፣ ድንበሩን ተሻግራ፣ መተማ አጠገብ ካለ የስደተኞች መጠለያ ደረሰች። ከቤቷ የተረፋት አንዲት ሰሌንና በልብሷ ጫፍ የቋጠረችው ጥቂት ቴምር ነው። ቴምሩን የሰጠቻት እናቷ ናት፤ «የባሰ ቀን ሲመጣ ትበይዋለሽ» ብላ። መንገዱ የሲትናን ጡት አድርቆታል። ራውዳ አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ኋላማ ለማልቀስም አቅም አጣች። ኧረ የእናት አንጀት! ሲትና የፈለገችው አንድ ስኒ ወተት ብቻ ነው።

ከመጠለያው አጠገብ እትዬ አንጓች የሚባሉ ደግ ሴት ነበሩ፤ አንዲት ፍየል ነበረቻቸው። «ውሰጂ ልጄ፣ ምን ገዶኝ! እሷ እሺ ካለችሽ» አሏት። ፍየሊት ግን ቀንዷን ነቀነቀች። «ቅጠል ሳልበላ ወተት አልሰጥም!»

ሲትና ወደ ቁርቁራው ዛፍ ሄደች። «ቁርቁራ ሆይ፣ ቅጠልህን ለፍየል፣ ፍየል ወተቷን ለልጄ!»

«ይኸን ፀሐይ አታይም እንዴ?» አለ ቁርቁራው። «ውኃ ሳልጠጣ ቅጠል አልሰጥም!»

ወደ ጉድጓዱ ሄደች። «ጉድጓድ ሆይ፣ ውኃህን ለቁርቁራ፣ ቁርቁራ ቅጠሉን ለፍየል፣ ፍየል ወተቷን ለልጄ!»

ጉድጓዱ ከሆዱ አጉረመረመ። «የድሮው ገመዴ ተበጥሷል። ገመድ ሳይወርድልኝ ውኃ አልሰጥም!»

ገመድ ደግሞ የት አለ? የእርዳታ ዱቄት የጫነው መኪና ላይ። መኪናው የት አለ? ደረቁ ወንዝ ውስጥ፣ ጎማውን አሸዋ ውጦት ቆሟል። ሲትና ሮጠች። «ገመድ ሆይ፣ ወደ ጉድጓድ ውረድ፣ ጉድጓድ ውኃውን ለቁርቁራ፣ ቁርቁራ ቅጠሉን ለፍየል፣ ፍየል ወተቷን ለልጄ!»

«እኔ የታሰርኩት ለጭነቱ ነው» አለ ገመዱ። «መኪናው ከአሸዋ ሳይወጣ አልፈታም!»

«መኪና ሆይ፣ ከአሸዋው ውጣ፣ ገመድ ወደ ጉድጓድ ይውረድ፣ ጉድጓድ ውኃውን ለቁርቁራ፣ ቁርቁራ ቅጠሉን ለፍየል፣ ፍየል ወተቷን ለልጄ!»

መኪናው ጥቁር ጭስ አስነጠሰ። «ጎረምሶች ሳይገፉኝ አልወጣም!»

ጎረምሶቹማ አሉ! የመንደሩ ልጆች ናቸው፤ ወንዙ ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ሲትና እያለከለከች ደረሰች። «ወንድሞቼ፣ መኪናውን ግፉ፣ መኪናው ከአሸዋው ይውጣ፣ ገመድ ወደ ጉድጓድ ይውረድ፣ ጉድጓድ ውኃውን ለቁርቁራ፣ ቁርቁራ ቅጠሉን ለፍየል፣ ፍየል ወተቷን ለልጄ!»

ከመካከላቸው ትልቁ አዱኛው ይባላል። «እህታችን፣ አንቺን ጠልተን አይደለም» አላት። «ግን ይኸ መኪና ሁልጊዜ አቧራውን አልብሶን ነው የሚያልፈው። እኛም ዘንድሮ ማሽላችን ደርቆብናል። አንድ ቀን ‹እናንተስ በላችሁ ወይ?› ያለን የለም። ሳንጋበዝ አንገፋም!»

እውነታቸውን ነው። ራውዳ ጀርባዋ ላይ ዝም ብላለች፤ ዝምታዋ ነው የሚያስፈራው። ድንገት አገሯ ትዝ አላት። በሲትና መንደር የጾም ማፍጠሪያ ሲደርስ ሰዉ አውራ መንገድ ላይ ሰሌን ያነጥፋል፣ ገመድ ወጥሮ መንገደኛ ያስቆማል። ሀብታምም ድሃም ሳይቀምስ አያልፍም።

ሰሌኗን እፊታቸው ዘረጋች። ቋጠሮዋን ፈታች። የእናቷን ቴምር እስከ መጨረሻው አራገፈችው፤ ከዚህ የባሰ ቀን ከወዴት ይመጣል? «ወላሂ፣ ሳትቀምሱ አትነሡም!» አለች።

ጎረምሶቹ ተያዩ። ባዶ የቀረውን የልብሷን ጫፍ አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ አፈሩ። አዱኛው አንዲት ቴምር ለሁለት ገምሶ ግማሿን ለጓደኛው ሰጠ፣ ግማሿን ጎረሰ። «እንግዲህ ምን ትጠብቃላችሁ? ተጋብዘናል እኮ!» ብሎ ተነሣ።

ያን ጊዜ ጎረምሶቹ ገፉ፣ መኪናው ከአሸዋው ወጣ፣ ገመዱ ተፈታ፣ ወደ ጉድጓዱ ወረደ፣ ጉድጓዱ ውኃውን ለቁርቁራ፣ ቁርቁራ ቅጠሉን ለፍየል፣ ፍየል ወተቷን ለእትዬ አንጓች! እትዬ አንጓች አፈሉት፣ አቀዘቀዙት፣ ራውዳ ጠጣች። ጠጥታ ስትጨርስ፣ እሰይ፣ መጠለያው እስኪናወጥ ጮኻ አለቀሰች፤ ጨምሩልኝ ማለቷ ነው። ሲትናም በደስታ አብራት አለቀሰች።

ዱቄቱ በታደለ ማግስት ሌሎች ስደተኞች ድንበሩን ተሻግረው መጡ። መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሮ ሲያዩ ክው አሉ፤ በመጡበት አገር ገመድ የሚወጥረው ጠመንጃ የያዘ ነዋ! ገመዱን የያዘው ግን አዱኛው ነው። ከኋላው ሰሌኑ ተነጥፏል፣ የሲትና ገንፎ ይጨሳል።

«ሳትቀምሱ አታልፉም!» ይላቸዋል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በቴምር አብሱ።