የእትዬ ዘነበች እልልታ

ጠጋ በሉና ስሙ። ነገሩ ስለሚረዝም እንዳትቀድሙኝ።

እትዬ ዘነበች የበርበሬ ወፍጮ አላት። የፈጨችውን ሁሉ አፍንጫዋን አስጠግታ ታሸታለች፤ ከዚያ «ኮረሪማ ያንሰዋል» ትላለች። እሑድ ልጇ ፀዳለ ታገባለች። እትዬ የምትፈልገው አንዲት ሙሉ እልልታ ብቻ ነው። «እል…» ስትል ግን ሳል ይቀድማታል።

ትንፋሽ ወደ ሳንባዋ ትንሽ ክፍል ወረደ። ክፍሏ ውሃ ሞልቶባታል።

«አያ ውሃ፣ ውጣልኝ፤ ለእልልታ እፈለጋለሁ» አለ ትንፋሽ።

«አልወጣም። ግድግዳው ያፈሳል፤ ብወጣም እመለሳለሁ።»

ትንፋሽ ወደ ክፍሏ ግድግዳ ሄደ። «ውሃ አልወጣም አለ፣ እልልታ ቀረ። ተዘጋ!»

«አልዘጋም። ከደም የሚመጡ ነጭ ወታደሮች እየገፉኝ ያልፋሉ።»

ወደ ወታደሮቹ ሄደ። «ግድግዳ አልዘጋም አለ፣ ውሃ አልወጣም አለ፣ እልልታ ቀረ። ተመለሱ!»

«አንመለስም። መልእክተኛው ‹ድረሱ!› እያለ ይጠራናል።»

«ጠላቱ የት አለ?»

«እኛ ምን እናውቃለን! ተጠራን፣ መጣን።»

ወደ መልእክተኛው ሄደ። «ወታደሮች አንመለስም አሉ፣ ግድግዳ አልዘጋም አለ፣ ውሃ አልወጣም አለ፣ እልልታ ቀረ። ዝም በል!»

«ዝም አልልም። የክፍሏ ዘበኛ ነው የሚልከኝ። እግሬን እየው፣ በሩጫ ቀጠነ!»

ወደ ዘበኛው ሄደ። «ጋሼ ዘበኛ፣ መልእክተኛ ዝም አልልም አለ፣ ወታደሮች አንመለስም አሉ፣ ግድግዳ አልዘጋም አለ፣ ውሃ አልወጣም አለ፣ እልልታ ቀረ። መላኩን ይተዉ!»

«አልተውም! የበርበሬ ብናኝ ይገባል። አንዱን ስውጥ ሌላው ይመጣል። ሂድና ሴትዮዋን ጠይቃት!»

ትንፋሽ ተናደደ። በአፍንጫ በኩል ተወርውሮ ወጣ።

«እንጢሽ!» አለች እትዬ ዘነበች። የደንበኛዋ የእማማ ድንቄ በርበሬ ከወንፊቱ ተነስቶ ነጠላቸው ላይ አረፈ።

«ይማርሽ» አሉ እማማ ድንቄ ዓይናቸውን እያሹ። «አንቺ ልጅ፣ በርበሬዬን አሽትተሽ ልትጨርሺው ነው? አፍንጫሽን ሸፍኚ!»

«ኮረሪማው መብቃቱን በምን ልወቅ?»

«ምላስ የለሽም? ቅመሺው!»

እትዬ ዘነበች አፈረች። አፍንጫዋን በሻሽ አሰረች።

ያን ጊዜ ብናኙ መግባት ተወ። ዘበኛው የቀረውን ዋጠና መላክ ተወ። መልእክተኛው ዝም አለ፣ ወታደሮቹ ተመለሱ፣ ግድግዳው ተዘጋ፣ ውሃው ቀስ በቀስ ወጣ። ትንፋሽም ክፍሏን ሞላ።

እሑድ ፀዳለ በሙሽራ ልብሷ ብቅ ስትል እናቷ ደረቷን ነፋች።

«እልልልልልልልል!»

ሚዜዎቹ ጆሯቸውን ያዙ።

«እማዬ፣ በቃ! ሰው እየሳቀ ነው።»

«ይሳቅ! አሁን ነው የጀመርኩት!»

እኔ ጨረስኩ፤ እናንተም በሉ ተንፍሱ።