ጌታ ፍለጋ የሄደው ሰው

አንድ ድንበሩ የሚባል ሎሌ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ክፉ ባላባት ቤት አገለገለ። መቼ እንደሚነሳ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ማንን እንደሚጠላ ሳይቀር የሚነግሩት ባላባቱ ነበሩ። ሚስቱን ትርንጎንም የመረጡለት እሳቸው ናቸው።

ባላባቱ ወራሽ ሳይተዉ ሞቱ። ሎሌዎቹ መሬቱን ሲካፈሉ ለድንበሩ ወንዝ ዳር ያለ እርሻ ደረሰው። ትርንጎ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። ድንበሩ ግን እርሻው መሀል ቆሞ ቀረ።

«ምን እንዝራ?» አላት።

«አንተ የፈለግከውን።»

«እኔ የምፈልገውን በምን አውቃለሁ?»

ጎረቤቶቹን ጠየቀ። አንዱ ጤፍ አለው፣ ሌላው ባቄላ። ለጤፍ ብሎ ማረስ ጀመረና ባቄላ ይሻል ይሆን ብሎ ተወው። እህል አልበላ አለው፤ ሰውነቱም ከሳ። የዘር ጊዜው ሊያልፍበት ሲል ትርንጎ ራሷ ባቄላውን ዘራች።

አንድ ቀን ጠዋት ወንዝ ማዶ ላሉት ባላባት በሎሌነት ሊያድር እንደሆነ ነገራት።

«ሰውየው አሽከሮቻቸውን ይገርፋሉ እኮ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን አጣህ? መሬቱ አለ፣ እኔ አለሁ።»

«ትርንጎ፣ እዚህ ባጠፋ ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚያ ግን የታዘዝኩትን ነው የምሠራው።» ይህን ብሎ ሄደ።

ባቄላው ሲያብብ አዲሱ ጌታው ወንዝ ዳር ያለውን መሬት ፈለጉት። ነዋሪዎቹን እንዲያስወጡ አሽከሮቻቸውን ላኩ። ትርንጎ ደጃፍ የመጣው ድንበሩ ነበር።

«የእኛንም ቤት?» አለችው።

«ታዝዤ ነው።»

«አንተ ራስህስ ምን ትላለህ?»

ጥያቄው የገባው አይመስልም። ፊቱ ላይ ቁጣም ሀፍረትም አልነበረም። ትርንጎን ያስደነገጣት እርጋታው ነው፤ መሬቱ ከደረሳቸው ወዲህ እንዲህ ተረጋግቶ አይታው አታውቅም። ዕቃዋን በሥርዓት ደጅ ደረደረላት። ከዚያ ጣራውን ማፍረስ ጀመረ።

አልለመነችውም። ልትለምነው የምትችለው ሰው እዚያ አልነበረም። ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ የለም። ድንበሩ አርጅቶ እስኪሞት ጌታውን አገለገለ፤ ስለ እሷ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም ይባላል።

የታሰረ ሰው ሲፈታ ነጻ የወጣ ይመስለናል። ነጻነት ግን ብቸኝነት አለበት፤ መርጦ ለምርጫው መልስ መስጠትም አለበት። ይህን መሸከም ያቃተው ሰው ራሱን ለሌላ አስረክቦ እፎይ ይላል። ራሱን ያስረከበ ደግሞ የሚወዱትን ሰዎች ሲጎዳ አይሰማውም። ድንበሩ ልቡ ክፉ ስለነበረ ነው እንዳንል፣ ክፋትም የራሱ አልነበረውም።

እኛስ? ሰው ስለነገረን ወይም ሁሉም ስላደረገው ሳይሆን፣ እኛ ራሳችን ፈልገን የመረጥነው ነገር የቱ ነው?