የሄራሞ መስታወትና የዘነበች ጉሮሮ

ጀርባውን የሚያመው አንድ ሰው ነበረ።

እንደ ብዙዎቻችሁ ማለት ነው። ይኸው፣ ገና ሳልጀምር እጃችሁን ወገባችሁ ላይ ያደረጋችሁ አላችሁ።

ይህ ሰው የእንስሳት ሐኪም ነው። ከሆሳዕና ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ደጋ ቀበሌ ይኖራል። ሥራው በሞተር ሳይክል ከመንደር መንደር እየዞረ ከብት መከተብ ነው። ስሙን ሄራሞ እንበለው። የሞተሩ መሪ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሄራሞ ቀኑን ሙሉ እንደ ጎበጠ ይውላል። የደጋው ነፋስ ደግሞ ደረቱን ሲደበድበው ይውላል። ማታ ቤቱ ሲደርስ ከሞተሩ ላይ ደግፋ የምታወርደው ሚስቱ ናት።

ሚስቱ ዘነበች ትባላለች። የቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራን መሪ ናት። ድምፅዋን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ዘነበች መዝሙር ስትጀምር፣ አርፍዶ የመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ ማራገፍ ይረሳል። ሐሙስ ለልምምድ፣ እሑድ ለአምልኮ፣ ሄራሞ ከኋላው አፈናጧት ወደ ከተማ ይወርዳል። ለብዙ ዓመት እንዲህ ኖረዋል።

አንድ ቀን ሄራሞ «በቃኝ» አለ። ለነፋሱ ከፊት መከለያ መስታወት አስገጥማለሁ፣ ለጀርባዬ መሪውን ከፍ አስደርጋለሁ ብሎ ቆረጠ።

ወገኖቼ፣ ሰው ለራሱ ምቾት ዕቃ ሲመርጥ እንዴት ያለ ጥንቁቅ ፍጡር እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ለሌላው ሲገዛ «ያው ነው፣ ጠቅልልልኝ» የሚለው ሰው፣ ለራሱ ሲሆን ባለሱቁን ያስለቅሰዋል።

ባለሱቁ ሦስት መስታወት አወጣለት፤ አጭር፣ መካከለኛና ረጅም። ሄራሞ በዓይኑ አይቶ የሚገዛ ሰው አይደለም። ሁሉንም በየተራ እያስገጠመ እስከ ከተማው መውጫ ነድቶ ሞከራቸው። አጭሩ ነፋሱን ከሆዱ ላይ አንሥቶ ደረቱ ላይ አሳረፈበት። መካከለኛው ከደረቱ አንሥቶ ግንባሩ ላይ አመጣውና ሄልሜቱን ያንቀጠቅጥበት ጀመር። ረጅሙ ሲገጠም ግን ነፋሱ ጸጥ አለ። ዓይኑ ከመስታወቱ ጫፍ በላይ አሻግሮ መንገዱን ያያል፣ ደረቱ ይሞቀዋል፣ የገዛ ትንፋሹን ይሰማል። «ይሄ ነው» አለ ሄራሞ።

ከዚያ ወደ መካኒኩ ሄደ። ከመሪው ሥር ገብቶ መሪውን ከፍ የሚያደርግና ወደ ነጂው የሚያስጠጋ ብረት አለ። ሁለት ጣት ከፍ የሚያደርግ አለ፣ አራት ጣት ከፍ የሚያደርግም አለ። ሄራሞ ተቀመጠ፣ ክንዱን ዘረጋ፣ ትከሻውን አላላ፣ ዓይኑን ጨፈነ። አራት ጣት ይሁን አለ። መሪው ከፍ ብሎ የነዳጅ መስጫው ገመድ እንዳይወጠርና በሚታጠፍበት ጊዜ ሞተሩ በራሱ እንዳይጮኽ፣ ገመዱንም በረጅም አስቀየረው። መሪውን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ፣ ቡሎኑን አንድ በአንድ ነካካ። ምንም እንከን አላገኘበትም።

ሁሉን ሞከረ። ሁሉን ለካ። ታዲያ ምን ቀረ?

አንድ ነገር ቀረ። ይህን ሁሉ ሲሞክር የኋላው ወንበር ባዶ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሄራሞ ጀርባ ዳነ። እሑድ በምስክርነት ሰዓት ተነሥቶ ጉባኤው ፊት ቆመና ጌታ በመስታወትና በብረት እንደ ፈወሰው ተናገረ። ጉባኤው አጨበጨበ። አንዳንድ ሞተረኛ ወንድሞችማ ከአምልኮው በኋላ የሱቁን አድራሻ ጠየቁት። ሄራሞ ደስ አለው፣ እኛም በቦታው ብንኖር ደስ ይለን ነበር። የሰው ጀርባ ሲድን የማይደሰት ማን ነው?

በዚያው ሰሞን የዘነበች ድምፅ መሻከር ጀመረ።

መጀመሪያ ላይ ጉንፋን ነው ተባለ። ዝንጅብል ተፈላ። ዳማከሴ ተጨምቆ ተጠጣ። አልተሻላትም። የከፍታው ዜማ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይከዳት ጀመር። ሐኪም ቤት ሄደች፣ ጉሮሮዋ መቆጣቱን ነገሯት፣ መድኃኒት ሰጧት፣ ብርድ እንዳይነካሽ አሏት። አሁንም አልተሻላትም። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጸለዩላት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማን ነበር? ሄራሞ ነበር። እጁን ጭኖ፣ እንባ እስኪያወጣ ድረስ ጸለየ፣ ጉሮሮዋን የያዘውን ነገር ሁሉ ገሠጸ። «አሜን» ተባለ። ከዚያም ሚስቱን ከኋላው አፈናጦ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ሽቅብ ይዟት ወደ ቤት ሄደ።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ ስቄያለሁ።

ዘነበች ግን አልሳቀችም። በዚያ ወራት ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ አዳራሽ ሠርቶ ለምረቃ እየተዘጋጀ ነበር። ዘነበች መዘምራኑን ሰበሰበችና በምረቃው ቀን መሪነቱን ለምክትሏ እንደምታስረክብ ነገረቻቸው። «ድምፄ ከሄደ ለምን ቦታ እይዛለሁ?» አለቻቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ ከመዘምራን ወጥታ አታውቅም። በዚያ ቀን እቤት ገብታ አልቅሳለች። ሄራሞም ልቅሶዋን ሰምቶ የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ። ከብት ቢታመም ያውቅበት ነበር፤ ለሚስቱ ግን መላ አላገኘም።

ለምረቃው ከሌላ ከተማ አንድ መጋቢ ተጋበዙ። መጋቢ ዳምጠው ይባላሉ፤ ግዙፍ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ያረፉት እነ ሄራሞ ቤት ነበር። የምረቃው ዕለት ጠዋት ዘነበች ከጎረቤት ሴቶች ጋር በባጃጅ ቀድማ ወረደች። ሄራሞ ሞተሩን አስነሥቶ መጋቢውን ሊያፈናጥጥ ሲል፣ መጋቢው ሞተሩን ዞረው ዞረው አዩና ወጣት ሳሉ ሞተር ይነዱ እንደነበር አነሡ። እስቲ ዛሬ እኔ ልንዳ አሉ።

ሄራሞ ያንን መሪ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ለእንግዳ እምቢ ማለት ደግሞ በእኛ አገር አይሞከርም። ቁልፉንም ሄልሜቱንም አስረክቦ፣ ሞተሩን ከገዛ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ተፈናጠጠ።

ወንበሩ ላይ ቦታ አልነበረም። መሪው ወደ ነጂው በመጠጋቱ መጋቢው ተለጥጠው ወደ ኋላ ተቀምጠዋል። ሄራሞ የዕቃ መጫኛው ብረት ላይ ቀረ። ይሁን አለ። ሞተሩ ቁልቁለቱን ሲጀምር ግን ነፋሱ መጣ።

ሄራሞ ያ ነፋስ የጠፋ መስሎት ነበር። የትም አልጠፋም። በረጅሙ መስታወት ላይ ይወጣል፣ በነጂው ራስ ላይ ይዘላል፣ ከዚያ ወርዶ ከኋላ በተቀመጠው ሰው ፊት ላይ ያርፋል። አቧራውም አብሮት ይመጣል። ሄራሞ አፉን ሲከፍት ነፋሱ እስከ ጉሮሮው ገባ። ዓይኑ አነባ። ጋቢውን አፉ ላይ ጠመጠመ፣ ነፋሱ ፈታው። ደግሞ ጠመጠመ፣ ደግሞ ፈታው። ዘነበች በየሳምንቱ ነጠላዋን ስትጠመጥምና «አንቺ ደግሞ ብርድ ፈሪ ሆንሽ» እያለ ሲቀልድባት አሰበ። ከፊቱ መጋቢ ዳምጠው ጮክ ብለው ይዘምራሉ። እንዲህ ያለ ምቹ ሞተር በሕይወቴ ነድቼ አላውቅም እያሉም ያመሰግናሉ።

ሄራሞ መልስ ሊሰጥ ሞከረ፤ ድምፁ ተዘግቶ ነበር።

አዳራሹ ደርሰው ሲወርዱ ሕዝቡ እንግዳውን ሊቀበል ተሰልፏል። ሄራሞ ሰልፉን ጥሶ ዘነበችን ፈለጋት። ከመዘምራኑ ኋላ ቆማ አገኛት፤ ነጭ ልብሷን ለብሳለች፣ መሪነቱን ልታስረክብ።

«ዘነበች፣ ከኋላ ያለው ነፋስ እንዲህ ነው እንዴ?»

«አዎ» አለችው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ነገርኩህ። ‹ነፋስ የት አለ?› አልከኝ። በኋላ ጉባኤው ፊት ቆመህ ጀርባዬ ዳነ ስትል እኔም አብሬህ እልል አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው፣ የውሸት አይደለም። ከዚያ ወዲያ ምን ልበል?»

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል።

ሄራሞ ክፉ ባል ነው? አይደለም። ዋሽቷል? አልዋሸም። «ነፋስ የት አለ?» ሲል ከልቡ ነው። እርሱ በተቀመጠበት ቦታ ነፋስ አልነበረም። ሚስቱን ይወዳል፣ ዝንጅብሉን ያፈላው እርሱ ነው፣ አልቅሶ የጸለየውም እርሱ ነው። ፈጣሪን «ይህን ነገር አንሣልኝ» ብሎ የለመነው፣ በገዛ እጁ መርጦ ያስገጠመውን ነገር ነበር።

በዚያ ቀን ዘነበች አልዘመረችም፤ መሪነቱንም አስረከበች። በማግስቱ ግን ሄራሞ ሚስቱን ይዞ ወደዚያ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ገና ሲያየው ደነገጠ፤ እንደገና ሦስቱም መስታወት ወጣ። በዚህኛው ጊዜ ሁለቱም ተቀምጠው ሞከሩ፤ ፈራጇም ዘነበች ሆነች። ረጅሙ ሲሞከር «አይሆንም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። መካከለኛውም አላማራትም። አጭሩ ሲሞከር ነፋሱ የሄራሞ ደረት ላይ አረፈ። የሄራሞ ደረት ደግሞ ሰፊ ነው። ዘነበች ከኋላው ሆና ነጠላዋን ፈታችና «ይሄ ይሻላል» አለች።

አያችሁ? ለዘነበች ከሁሉ የተሻለው መስታወት የባሏ ደረት ነበር።

መሪውም ከአራት ጣት ወደ ሁለት ጣት ወረደ። ሄራሞ ትንሽ ወደ ፊት ተጠጋ፣ ለእርሷም መቀመጫ ተረፈ። አሁን ሄራሞ ወፍራም ጃኬት ይለብሳል። ረጅም መንገድ የሄደ ዕለት ጀርባው ትንሽ ያመዋል፤ ወርዶ ተንጠራርቶ ይቀጥላል። የዘነበች ጉሮሮ ቀስ እያለ ተመለሰ። አንድ ሐሙስ ወደ ልምምድ ሲወርዱ ሄራሞ ከጆሮው ሥር ዜማ ሰማ። ዞር ብል ታቆማለች ብሎ ፈርቶ እስከ ከተማ ድረስ አንገቱን አላንቀሳቀሰም። ያን ቀን ምክትሏ ቦታውን ለቀቀችላት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እኔ ሞተር የለኝም እንዳትሉ። ሁላችሁም የምትነዱት ነገር አላችሁ። ቤት የምትነዱ አላችሁ። ሱቅ የምትነዱ፣ ክፍል የምታስተምሩ፣ ቢሮ የምትመሩ አላችሁ። እኛ ሽማግሌዎችና መጋቢዎችም ይህን ጉባኤ ይዘን እንነዳለን። ደግሞም ለፍተን አመቻችተነዋል። «ቤታችን ሰላም ነው፣ ጭቅጭቅ የለም» ትላላችሁ። ሰላሙን የምታዩት ከየትኛው ወንበር ነው? «በእኛ ቤት ተቆጥቼ አላውቅም፣ ልጆቼ ይፈሩኛል» የምትል አባት፣ ያ ፍርሃት ሳይነገር የት እንደሚያርፍ ታውቃለህ? «አማቴ ምንም አትጠይቀኝም» የምትዪ እህቴ፣ ባልሽ መካከል ላይ ሆኖ ምን እንደሚውጥ አይተሻል?

ምቾት ኃጢአት ነው አልላችሁም። ጀርባችሁ ይዳን፣ መሪያችሁም ከፍ ይበል። ነገር ግን ከእናንተ ላይ የዞረው ነፋስ አንድ ሰው ላይ ያርፋል፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወዳችሁ ሰው ነው። የሚወዳችሁ ስለሆነም ደስታችሁ ላይ አብሮ እልል ይላል።

እንደ ልማዳችን «አጠገባችሁ ላለው ሰው እንዲህ በሉት» እንድላችሁ እየጠበቃችሁ ነው፤ አውቃችኋለሁ። ዛሬ ምንም አትበሉ። ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ ምሳው ሲቀርብ ጠይቁ። «በአንቺ በኩል እንዴት ነው? በአንተ በኩል እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና አዳምጡ። መልሱ ረዘም ያለ እንደሆነ ወጡ ይቀዝቅዝ።