በሆራው ዳር የቆመ

በዚያ ጫካ ሁሉም ነገር ባለቤት ነበረው። ሣሩ የአንበሳ፣ ጥላው የአንበሳ፣ ነፋሱም የአንበሳን ጠረን ይዞ ስለሚነፍስ የአንበሳ ነው ይባል ነበር። ለሕዝቡ የተተወው ከዓለቱ ሥር የሚፈልቀው ሆራ ብቻ ነው። ያ ጨዋማ ውሃ ካልተጠጣ ጉልበት ይከዳል፣ ጡት ይደርቃል። ስለዚህ አንበሳ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ «የጠማው ሁሉ በነጻ ይጠጣ» ብሎ አወጀ። እንስሳቱም እልል አሉ። ለእልልታ የማይሰንፉ ፍጥረቶች ነበሩ።

ሆራው ግን ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚጠራቀመው። ጠጥቶ ለመርካት ጥላ እስኪዞር እዚያው መቆየት ግድ ነው። ጅብ ይህን አይቶ ለንጉሡ ሹክ አለና ሁለተኛ አዋጅ ወጣ፦ ውሃው ነጻ ነው፤ በሆራው ዳር በአራት እግሩ ረግጦ የቆመ ግን የሜዳውን ይከፍላል። ክፍያው አጥንት ነው። ሣር በል እንስሳ አጥንት ከየት እንደሚያመጣ አዋጁ አልገለጸም። ያልከፈለ ልጁን ያስይዛል። የመያዣ ጠባቂ ሆኖ የተሾመውን መናገር ያሳፍራል፤ ጅብ ራሱ ነው።

እመት ከርከሮ አንድ ቀን ጠዋት ጠጥታ ቀና ስትል ያላት አንድ ግልገል አጠገቧ የለም። እየሮጠች ወደ ጅብ ጉድጓድ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ልጄን የት አደረሱብኝ?»

«ተይዟል። ሆራው ዳር ቆመሻል።»

«ውሃው ነጻ ነው አልተባለም እንዴ?»

«ውሃውን ማን ከለከለሽ? የተጠየቅሽው የሜዳውን ነው።»

«ታዲያ እዚያ ሳልሆን በየት በኩል ልጠጣ?»

«እሱን የውሃውን ሹም ጠይቂ። እኔ የሜዳ ሹም ነኝ።» የውሃ ሹም የሚባል አልነበረም። ጅብ አፉን ጠረገና ጨመረ፦ «እስከ ነገ ካልከፈልሽ መያዣው የጠባቂው ነው።»

ከርከሮ ጎረቤቷን ሚዳቋን አማከረች። ሚዳቋ ግራ ቀኝ አየችና፣ «ተይው እቴ፣ ሌላ ትወልጃለሽ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለቻት። ከርከሮ ግን አልተወችውም። በማግሥቱ ከአንበሳ ችሎት ፊት ቀረበች።

ጉባኤው ተሰበሰበ። ጅብ ስለ ሜዳው ክቡርነት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ያልገባቸው አብዝተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከርከሮ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ እኛ ከርከሮዎች አንገታችን አጭር ነው። የምንግጠውም የምንጠጣውም በፊት ጉልበታችን ተንበርክከን ነው። በአራት እግሬ አልቆምኩም። ካላመኑኝ ዱካዬ ይታይ።»

ሄደው አዩ። በጭቃው ላይ የኋላ ሰኮናዋ ሁለት፣ የፊት ጉልበቷ ሁለት፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጅብ አሽትቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አንበሳ ግን የጉልበቱን ምልክት ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና ፊቱ ፈካ።

«እውነት አላት። ከእንግዲህ የተንበረከከ አይከፍልም። ልጇን መልሱላት።»

ግልገሉ ተመለሰ። አንድ ጆሮው የለም፤ ጅብ «የጥበቃ ዋጋ ነው» አለ። እናቱ ቁስሉን እየላሰች አለቀሰች። ጉባኤው ግን ልጁን ዞር ብሎም አላየው፤ በድሉ ሰክሮ ነበር። አጋዘን ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ «ወገኖቼ፣ ዛሬ መብታችን ተከበረ!» አለ። እልልታው ጫካውን አናወጠው።

በማግሥቱ ሆራው ዳር የተሰበሰበው ሁሉ ተንበርክኮ ነበር። አጋዘን ረጃጅም እግሮቹን ለማጣጠፍ ሲታገል ያየ ይስቃል። ሚዳቋ ሰነፎቹን ታለማምዳለች።  ከርከሮ የተናገረችው ልጇን ለማትረፍ ነው፤ ተንበርክካ ማደግዋም ፈጥና መነሣትን አስተምሯታል። እነዚህ ግን መውደቂያውን እንጂ መነሻውን አልተማሩም።

አንበሳ መጣ። አልሮጠም፤ ለምን ይሮጣል? እየተንጎራደደ በመካከላቸው አለፈና የአጋዘንን ማጅራት ያዘ። አጋዘን እግሮቹን ከሥሩ እስኪያወጣ ነገሩ አለቀ። የቀሩት አንገታቸውን ደፍተው መጠጣታቸውን ቀጠሉ።

«ተነሡ! ሩጡ እንጂ!» ብላ ጮኸች ከርከሮ።

ማንም አልተነሣም። ከርከሮ ልጇን ገፍታ አስነሣችና ጎን ለጎን ቆሙ። አንበሳ አፉ ሞልቶ ነበርና ምንም አላለም። ጅብም የሚተርፈውን በጉጉት ሲጠብቅ አላያቸውም።

«ቆመዋል! ጌቶች፣ እመት ከርከሮና ልጇ በአራት እግራቸው ቆመዋል!» ብላ የጮኸችው፣ ከጉልበቷ ሳትነሣ፣ ሚዳቋ ናት።