በጭብጨባ መሃል የጮኸ ክላክስ

በአንድ ወቅት፣ ከዛሬ ብዙም በማይርቅ ወቅት፣ ደረቅ ውሃ በምትባል የቆላ ከተማ እቴነሽ የምትባል የሳይንስ መምህርት ነበረች። ከተማዋ ስሟን የወሰደችው በአጠገቧ ከሚያልፈው ወንዝ ነው። ወንዙ በዓመት ዘጠኝ ወር አሸዋ ነው፤ ፍየል ይተኛበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በቀሩት ሦስት ወራት ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ይደርስና ያገኘውን ጠራርጎ ይሄዳል። ከተማሪዎቹ ግማሹ የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድይ የለም። ሊሠራ መሆኑ ግን በየዓመቱ ይነገራል፤ ወሬ እንኳ አጥተው አያውቁም። ኋላ የምትፈርዱት እናንተ ናችሁና ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ስሙ።

ግንቦት ላይ ለስምንተኛ ክፍል የቡድን ሥራ ታዘዘ። ርዕሱ «የወደፊቱ ትምህርት ቤትና ቴክኖሎጂ» ይላል። ርዕሱን የላኩት ሰዎች ትምህርት ቤቱ በሳምንት ስንት ቀን መብራት እንደሚያገኝ የጠየቁ አይመስልም። ቢሆንም ከትእዛዙ ጋር አንድ ተስፋ አብሮ መጣ። ሥራው ከተመረጠው ቡድን አንድ ተማሪ፣ አንድ ብቻ፣ ትልቁ ከተማ ባለ የሳይንስ አዳሪ ትምህርት ቤት ምግቡና መኝታው ተችሎት አራት ዓመት ይማራል። ከደረቅ ውሃ ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። እቴነሽ በሰባት ዓመት ሥራዋ ትምህርቱን የቀጠለ ተማሪ በጣቷ ቆጥራ አይሞላላትም ነበር።

እንደ ወትሮው ሃምሳ ሰባቱን ተማሪዎች አንድ ለአምስት ደለደለቻቸው፤ አንድ ጎበዝ ሌሎች አምስት ይመራል። ዘጠኝ ቡድን ሞልቶ ሦስት ልጆች ተረፉ። ማንም አልፈለጋቸውም። አንዷ ዘሀራ ናት፤ በየጠዋቱ ከላይኛው መሻገሪያ ውሃ ስትቀዳ ስለምታረፍድ ስሟ ሁልጊዜ ከቀሪዎች ተርታ ነው። ሁለተኛው ማንደፍሮ ነው፤ ደብተሩ ባዶ፣ ኪሱ ግን ከተበላሸ ስልክ በነቀላቸው ቁርጥራጮች የተሞላ። ሦስተኛው ሰይድ ነው፤ አፉ አያርፍም፣ ከአስተማሪ ጋር ሳይቀር ይከራከራል። «እናንተ ሦስታችሁ አንድ ላይ ሁኑ» አለች እቴነሽ፣ ሌላ ምን ትበል።

ሐሳቦቹ መምጣት ጀመሩ። አንዱ ቡድን የማይቆጣ ሮቦት አስተማሪ አለ፤ ሌላው ራሱን የሚያጠፋ ሰሌዳ። እቴነሽ እያንዳንዱን ቡድን ጠረጴዛዋ አጠገብ አስቁማ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፤ «ደስ ይላል፤ ግን ችግሩ የማን ነው?» ሮቦቶቹና ሰሌዳዎቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። የተረፉት ሦስቱ ሲቀርቡ ጠያቂዋ ዘሀራ ሆነች።

«ቲቸር፣ ትምህርት ቤት የሚባለው ግቢው ብቻ ነው ወይስ መንገዱም ጭምር?»

እቴነሽ የስም መዝገቡን ተመለከተች። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሁለት ተማሪዎች ወስዷል፤ ስማቸውን ከመዝገቡ ላይ የሠረዘችው በራሷ እጅ ነው። «መንገዱም ጭምር» አለች።

ሐሳቡ የዘሀራ ነበር። ሌላው ሰው ውሃው ሲደርስ ነው የሚያውቀው፤ እሷ ግን በላይኛው መሻገሪያ በኩል ካለፈ በኋላ ልጆቹ የሚሻገሩበት ታችኛው ጋ እስኪደርስ የግማሽ ክፍለ ጊዜ ያህል እንደሚፈጅ ታውቃለች። ሁለት ክረምት ሙሉ እንስራዋን አዝላ ቆማ፣ የትምህርት ቤቱን ደወል እያዳመጠች ለክታዋለች። ለምን እንደለካችው ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ሥራው የማንደፍሮ ነው። ቢጫ ጀሪካን በገመድ አሰረና ላይኛው መሻገሪያ ላይ አስቀመጠ። ውሃው ሲመጣ ጀሪካኑ ይነሳል፣ ገመዱ ይሳባል፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ስልክ ይደውላል። ጥሪውን የሚቀበለው አሮጌ ስልክ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ካለ የሞተር ብስክሌት ክላክስ ጋር በሽቦ ተያይዟል። ክላክሱ ከጮኸ ማንም ልጅ ወደ ወንዝ አይወርድም፤ ያለው ይኸው ነው። በሙከራው ሳምንት ፍየሎች ገመዱን ስበውት ሁለት ጊዜ በከንቱ ጮኸ፤ ሁለቱንም ጊዜ ማንደፍሮ ተሳቀቀ።

የመናገሩ ሥራ ለሰይድ ቀረ። እቴነሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ አለማመደችው። «ቀስ በል፣ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ መልስ፣ እጅህን አታወናጭፍ።» ያ ማንም የማያስጨርሰው ልጅ ዓይኗ እያየ አንደበቱ ተገራ። እሷም ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን ዕድሜ አልነበረውም።

ሰኔ ሁለተኛው ሳምንት ላይ እንግዶቹ ሊመጡ ሆነ። በዋዜማው እቴነሽ ማንደፍሮን ጠርታ «እንግዶቹ በዓይናቸው የሚያዩት ነገር ጠረጴዛ ላይ መኖር አለበት። ጀሪካኑን ከነስልኩ ከወንዝ አውጥታችሁ አምጡት» አለችው። ማንደፍሮ «እሺ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በማግሥቱ ቢጫ ጀሪካን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ግን ሌላ ጀሪካን ነው፣ ባዶ። እውነተኛውን ካለበት አልነካውም። ሦስቱ ያውቃሉ፤ እሷ አታውቅም። ማንደፍሮ ጀሪካኑን ሲያነሳው ዘሀራ በድብቅ ክላክሱን ወደሚያስጮኸው ስልክ ልትደውል ተነጋግረዋል።

እንግዶቹ በአራት ሰዓት ይመጣሉ ተብለው በስድስት ሰዓት መጡ። ወንበር አነሰ። ርዕሰ መምህሩ የትንንሾቹ ክፍል ዴስክ ወደ አዳራሽ ይግባ አሉ። ዴስክ ከሌለ ደግሞ ትምህርት የለም፤ ስለዚህ እቴነሽ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ዞራ «ዛሬ በጊዜ ሂዱ» አለቻቸው። ልጆቹ እየጮሁ፣ እየተገፋፉ ወጡ። ከላይ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም።

ሰይድ ንግግሩ መሃል ላይ ሳለ ክላክሱ ጮኸ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዋናው እንግዳ ወደ ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብለው «ቴክኖሎጂ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ። ሰይድ ዘሀራ የደወለች መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። እቴነሽም አጨበጨበች። ይህን ኋላ አልደበቀችም፤ ከሰው ሁሉ ረዘም አድርጌ ያጨበጨብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም ብላለች።

ማንደፍሮ ደግሞ ጀሪካኑን ገና ስላላነሳው ፍየል ነው ብሎ አሰበ። በእንግዳ ፊት እንዳያሳፍረው ወደ ክላክሱ ስልክ ጎንበስ ብሎ ሽቦውን መነካካት ጀመረ።

ዘሀራ መስኮቱ አጠገብ ነበረች፤ እሷ ገና አልደወለችም። ፍየል ሲስበው ጮኾ ያቆማል፤ ይሄ አላቆመም። ለማንም ምንም አልተናገረችም። በመስኮቱ ዘላ ወጣችና ወደ መሻገሪያው ሮጠች።

ሰይድ መሮጧን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። «አቁሙ! ጭብጨባውን አቁሙ! ይሄ ማሳያ አይደለም፣ ውሃው መጥቷል!» ሲል እንግዶቹ ሳቁ። «ልጁ አሳምሮ ይዞታል» አሉ አንዱ። ጭብጨባው ጨመረ። ያኔ ሰይድ የጠረጴዛውን ጨርቅ ይዞ ጎተተ፤ ጀሪካኑ ወደቀ፣ ተንከባለለ፣ ሽቦ የለውም፣ ምንም የለውም። «ባዶ ነው! እውነተኛው ወንዝ ውስጥ ነው! ልጆቹ ወንዝ ላይ ናቸው!» አለና ወጣ። ግቢው መሃል የባንዲራውን ገመድ ፈትቶ ሳበው፤ ባንዲራው መሬት ላይ ወደቀ፣ እሱም ገመዱን ይዞ ሮጠ። አዳራሹ ከኋላው ግልብጥ ብሎ ወጣ።

መሻገሪያው ከትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ ዘሀራ ስትደርስ ውሃው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። አራት ልጆች አሸዋው መሃል ገብተዋል፤ ሠላሳ አንዱ ዳር ላይ ሊወርዱ ተሰልፈዋል። ወርዳ አራቱን ብትከተል ሠላሳ አንዱ ይከተሏታል፤ የትንሽ ልጅ ነገር እንዲያ ነው። አልወረደችም። ቅርንጫፍ ሰብራ መውረጃው ላይ ቆመችና የቀረበውን ሁሉ ገረፈች። አንድም አላሳለፈችም። ከጀርባዋ ውሃው ሲደርስ ድምፁን ሰማች፣ ዞር ግን አላለች።

ሰይድና ተከትለውት የመጡት ሰዎች ገመዱን ወረወሩ። ሦስቱ ልጆች ያዙት፣ ወጡ። አራተኛዋ የአንደኛ ክፍሏ የውብዳር ናት፤ የማንደፍሮ እህት። እጇ ገመዱ ጋ አልደረሰም። ማንደፍሮ ከሁሉም ኋላ ሲደርስ የነቀለው ሽቦ ገና እጁ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከታች፣ ግራር ሥር አገኟት።

ለቅሶው ሳይበርድ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ቅጽ መጣ። እንግዶቹ አልቅሰው ነው የሄዱት፤ የመረጡትም ይህንኑ ቡድን ነው። ቅጹ ላይ ለስም አንድ መስመር አለ፤ እስከ ዓርብ ካልደረሰ ዕድሉ ለሌላ ትምህርት ቤት ያልፋል። ከተማው ለሦስት ተከፈለ። ዘሀራ ለሠላሳ አንድ ቤት ልጁን መለሰች ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከመውጣቷ በፊት አንዴ «ጎርፍ!» ብላ ብትጮህ ገመዱ ቀድሞ ይደርስ ነበር ይላሉ። ማንደፍሮ ትእዛዝ ባይጥስ ክላክሱ ጭራሽ አይጮህም ነበር ይላሉ፤ ባይዋሽ ደግሞ የጮኸው እውነት መሆኑን ሰው ሁሉ ወዲያው ያውቅ ነበር ይላሉ። ሰይድ ማንንም ሳይፈራ አዳራሽ ሙሉ ሰው አንቀሳቀሰ ይላሉ፤ መጀመሪያ እጅ ሲነሣ ያባከናትን ጊዜ ግን የሚረሳት የለም። ባንዲራ መሬት ጥሏል ብሎ የከሰሰውም አልጠፋም፤ ለዚህም ጊዜ ያለው ሰው አለ።

ሐሙስ ዕለት እቴነሽ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው። ልባቸውን እንዲነግሯት እንጂ እንዲግደረደሩ አልፈለገችም።

«መሄድ እፈልጋለሁ» አለች ዘሀራ። «አልዋሽዎትም። እዚህ ከቀረሁ ውሃ እንደቀዳሁ እኖራለሁ። የውብዳርን እናት መንገድ ላይ ባገኘኋት ቁጥር ልጇን ለምን አልተከተልሻትም የምትለኝ ይመስለኛል። እርስዎ ቢሆኑ ይወርዱ ነበር፣ ቲቸር?»

ማንደፍሮ ብዙ አልተናገረም። «እኔ ሠርቼው ለእኔ ቤት አልሠራም» አለ። ቀጥሎም፣ «ፍየል የማያስጮኸው አድርጎ መሥራት ይቻላል። እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም። እዚያ የሚያውቅ ሰው ካለ መማር እፈልጋለሁ» አለ። አባቱ ውጭ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሲወጣ ገቡና፣ «መምህርት፣ ልጄን ከዚህ ወንዝ አርቂልኝ» ብለው ሳይቀመጡ ተመለሱ።

ሰይድ ከሁሉም ረዥሙን ተናገረ፤ ልማዱ ነው። «ሁለቱም ከእኔ ይበልጣሉ፣ ይሄ አይጠፋኝም። ግን ቲቸር፣ ድልድይ የሚሠራው ተናግሮ የሚያሳምን ሰው ሲገኝ ነው። ሲስቁብኝ እንኳ አስነሣኋቸው። ተምሬ ብመለስ ደግሞ ሳይስቁ ይሰሙኛል። እኔ ከሄድኩ የማስበው ለአንድ ሰው አይደለም።» አልቅሶ ነበር፤ እንዳላለቀሰ ሆኖ ወጣ።

እቴነሽ ብቻዋን ቀረች። የዘሀራን ስም ልትጽፍ ስትል የውብዳር እናት ታየቻት። የሰይድን ልትጽፍ ስትል፣ አንደበቱን እኔ ስለሞረድኩት አዳላሁ ይሆን ብላ እጇ ቆመ። የማንደፍሮን ስትል ደግሞ የባሰ ሆነ። ጀሪካኑን አውጣ ያለችው እሷ ናት፤ የውብዳርን በጊዜ ያሰናበተቻትም እሷ ናት። ለወንድሟ ብትጽፍለት ሥራውን መዝና ነው ወይስ የራሷን በደል ልትክስ? ሦስቱንም ላለማስከፋት ቅጹን ባዶውን ብትመልሰው ደግሞ ከደረቅ ውሃ የሚወጣ ልጅ ዘንድሮም የለም።

ዓርብ ጠዋት የመልእክተኛው መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ግቢው በር ላይ ቆሟል። እቴነሽ ብዕሩን ይዛለች፤ መስመሩ አንድ ነው። ልጆቻችሁን በዚያ መሻገሪያ የምታመላልሱ እናንተ ብትሆኑ፣ የማንን ስም ትጽፉ ነበር?