«ያሰብኩት ይህንኑ ነው» የሚለው ጉሬዛ

ተረት ተረት፣ የሽኮኮ ጎረቤት።

የሽኮኮ ጎረቤት ጉሬዛ ወዴት እንደሚዘል አስቀድሞ ተናግሮ አያውቅም። የትኛውም ቅርንጫፍ ላይ ቢያርፍ «ያሰብኩት ይህንኑ ነው» ስለሚል፣ ሳተ ብሎ የሳቀበት አልነበረም።

አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ ሾላ በሰለ። ጓደኞቹ «ወደ ሾላው» እያሉ ዘለሉ፤ ውኃ ውስጥ የወደቁትም ከተሳቀባቸው በኋላ ደግመው ዘለው በሉ። እሱ ግን ምራቁን ሲውጥ ሰነበተ። በመጨረሻ ዘለለና ወንዙ መሃል ወደቀ።

«አያ ጉሬዛ፣ ያሰብከው ገላህን ለመታጠብ ነው?» አለችው ሽኮኮ።

«አዎ» ሊላት ነበር፤ ግን ሾላው ሸተተው። «ሾላውን ነበር፤ ሳትኩት» አለ።

ሽኮኮ በሳቅ ተንከባለለች። ጉሬዛ ጥቂት ጠበቀና «ሳቅ ለካ አይናከስም» ብሎ አብሯት ሳቀ።

በሦስተኛው ዝላይ «አሁንስ ወዴት ነው?» ብትለው፣ አፉን ሾላ ሞልቶት ስለነበር ሳይመልስላት ቀረ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በሾላ አብሱ።