የላቀው ገመድ

በአንድ ወቅት፣ ነጭ ቀንድ በሚባል፣ አናቱ ከደመና በላይ በሚውል ተራራ ሥር ላቀው የተባለ መንገድ መሪ ይኖር ነበር። እንግዶችን ወደ ጫፉ ሲያወጣ ወገቡን የሚያስርበት ገመድ ከአባቱ የወረሰው ነው። በአገሩ ልማድ ያን ገመድ ያልታጠቀ ሰው ማንንም ወደ ላይ አይመራም። መሪ ሲሞት በሰልስቱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ገመዱ በአንድ ወራሽ ወገብ ይታሰራል፤ ወራሽ ካልታወቀ በቢላዋ ተቆርጦ ይቀበራል።

የላቀው ሦስት ልጆች ቆላ ወርደው ሰሊጥ ያመርቱ ነበር። ቆላ የለመደ ሰው ተቻኩሎ ነጭ ቀንድን ቢወጣ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ አባታቸው «አርጅቻለሁ፤ ገመዱን የሚፈልግ ይዘጋጅ» ብሎ ሲልክባቸው ሦስቱም እንደየጠባያቸው አሰቡበት።

ታላቁ መኳንንት አየር የሚያሳሳ ማሽን የተገጠመለት የላስቲክ ድንኳን ተክሎ በውስጡ ይተኛ ጀመር። ራሱን እያመመው፣ እንቅልፍ እየነሳው፣ ሰውነቱ ቀስ በቀስ የተራራውን አየር ለመደ።

መካከለኛው ይሁኔ ሳቀበት። «ጋሼ፣ እንደ ዶሮ በላስቲክ ቤት ስታድር ሚስትህ ምን አለች?» እሱ ግን ከተማ ሄዶ ዜኖን የሚባል ጋዝ በጭንብል ሳበ። ሐኪሙ «ሰውነትን ለከፍታ ያዘጋጃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ማረጋገጫ የለኝም» አለው። ይሁኔ «የሚሉ አሉ» የምትለዋን ብቻ ይዞ ተመለሰ።

ታናሹ አንማው ድንኳኑንም ጋዙንም አላመነም፤ ራሱንም አላመነም። የገዛው አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ነው። «ይህ ለሚታመም ሰው ነው» እያለ የመለኪያውን መርፌ ደጋግሞ ያይ ነበር።

ሦስቱ የአባታቸው መንደር በደረሱ ዕለት አንድ እንግዳ ከተራራው ወርዶ፣ ላቀው እግሩ ተሰብሮ ከላይኛው ዋሻ መቅረቱን፣ ትንፋሹም እያጠረ መሆኑን ነገራቸው። ወንድማማች ተራራ ሲወጣ በአንድ ገመድ ይያያዛል። ያን ቀን ግን አንዱ ሌላውን መጠበቅ አልፈለገምና ሳይያያዙ ወጡ።

ይሁኔ ቀደመ። አባቱን በሕይወት አገኘው፤ ጋቢውን አለበሰው፣ እግሩን አሰረለት፣ ውሃ አጠጣው።

«ወንድሞችህስ?» አለ ላቀው።

«ከኋላ ናቸው። አንማው ኦክስጅን ይዟል፤ ላስቸኩለው» ብሎ ቁልቁል ሮጠ።

አንማው ገና የአቀበቱ አጋማሽ ላይ ነበር። ይሁኔ «አባባ በሕይወት አለ፣ ፍጠን» ብሎት እግሩ ሥር ወደቀ። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ሲያስል አረፋ ይወጣዋል። አንማው መርፌውን አየ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ አልመሰለውም። ጭንብሉን በይሁኔ ፊት ላይ ገጠመ።

መኳንንት በእርጋታ እየተራመደ ደረሰባቸው።

«ሲሊንደሩን አምጣው። አባባ ከላይ ነው።»

«ይሁኔ እዚህ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱ ቁልቁል ከወረደ ይተርፋል።»

«ባይተርፍስ?»

መኳንንት ባዶ እጁን ወጣ። ሲደርስ የአባቱ ገላ ገና ይሞቃል፤ ትንፋሹ ግን የለም። ሬሳውን በገመዱ ጀርባው ላይ አስሮ ብቻውን አወረደው። ከሦስቱ ይህን የሚችል ሌላ አልነበረም።

ይሁኔ ተረፈ። መንደር ሲገቡ አንማው መርፌውን እንደገና አየ፤ ጥቂት ቀርቶ ነበር። ያ ጥቂት አባቱን ያተርፈው ነበር ወይስ አያተርፈውም ነበር፣ ሊያውቅ አልቻለም።

በሰልስቱ ገመዱ ሰሌን ላይ ተዘረጋ። መሪዎችን የሚያስታጥቁት ሽማግሌ አያ ጓዴ ቢላዋውን አጠገባቸው አድርገው ልጆቹን ጠየቁ።

ይሁኔ «እኔ ባልደርስ አባባ የሰው ፊት ሳያይ ይሞት ነበር» አለ።

መኳንንት «እኔ ባልኖር መቃብር አያገኝም ነበር» አለ።

«አንተስ፣ አንማው?»

«ጥቂት ኦክስጅን ተርፏል፤ ለአባባ ግን አላደረስኩትም።»

«የጠየቅሁህ ስለ ገመዱ ነው።»

«ስለ ገመዱም መልሴ ይኸው ነው፣ አያ።»

ከሰሌኑ ዳር በሐዘን የተቀመጠችው እናታቸው ከሦስቱ አንዱንም ቀና ብላ አላየችም። ፀሐይዋ ከነጭ ቀንድ ጀርባ ልትገባ ነው፤ አያ ጓዴ በአንድ እጃቸው ገመዱን፣ በሌላው ቢላዋውን ይዘዋል።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ገመዱ በማን ወገብ ይታሰር? ወይስ ይቆረጥ?